ዶክተሩ ያዘዘው ገብስማ

ጨርቅ ፀሐይ ሲመታው ይነጣል፤ ሰው ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እኔም ብዙ አልገባሁም። ከጉራጌ አገር ወደ ነቀምቴ መጥቼ መጀመሪያ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ቀጥሎ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ አሁን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በር ላይ የተሰቀለ ጣቃ ቀለሙ መቼ እንደሚከዳው ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ሌላ ጨርቅ ሻጭ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ መጥቆር ስትጀምር ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ፀሐይ ነው አልኩ። ወንበሯ በሩ አጠገብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትገባለች። ሸራ ገዝቼ ከበሩ በላይ ወጠርኩ።

ሸራው ሱቁን አጨለመው። እሷን ግን አላቀላትም።

ባለቤቴ የነቀምቴ ልጅ ናት፤ ቅላቷም በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ዘመዶቿ ስለ ሥራዬም ስለ ሃይማኖቴም ከመጠየቃቸው በፊት “ይህን ጉራቻ ከየት አመጣሽው?” ብለዋታል አሉ፤ ይህን ጥቁር ማለታቸው ነው። በሠርጋችን ፎቶ ላይ እኔ ሙሽራ ሳይሆን የሙሽራዋ ጥላ ነው የምመስለው። እሷም ያን ፎቶ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። እንግዲህ የዚህች ሴት ግንባር፣ ከዚያ አንገቷ፣ ከዚያ የእጇ ጀርባ ቀስ እያለ ጠቆረ። አብሯት ለሚውል ሰው አያስታውቅም። ያስታወቀን በዓመት አንዴ ሁለቴ ከገጠር ለልብስ የሚመጣው ደንበኛ ነው። ገና በሩ ላይ ሆኖ “ማል ታቴ?” ይላታል፤ ምን ሆንሽ እንደ ማለት። ሰላምታውን እንኳ ሳያስቀድም።

በእኛ ገበያ ሰው ሲታመም ሐኪም አይታጣም። ከፊት ለፊታችን ጨው የሚሸጠው ሰውዬ የከሰል ጭስ ነው አለ። ከወሎ ተመድባ የመጣች አስተማሪ ደንበኛችን ማዲያት ነው፣ የወለደች ሴት ሁሉ ይወጣባታል አለች። የእኛ የመጨረሻው ልጅ ግን ራሱ ፂም አብቅሏል። የባጃጅ ሹፌሩ ርካሽ ሽቶ ነው አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዓይን ነው ያለም አለ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ እኔ ቆሜ እየሰማሁ፣ ነጋዴ ባል ያላት ሴት ምን በልታ ትቅላ አለች። ያችው ጎረቤት የሚያቀላ ቅባት ነው ብላ ያመጣችላት ነገር አንገቷን አቃጥሎ ላጠው፤ የተላጠው ሲድን ከበፊቱ ባሰ። ባለቤቴ ለሁሉም “እሺ፣ ይሆናል” ትላለች። ይህ መልሷ አላማረኝም። በቤታችን እሺ የማለቱ ሥራ የእኔ ነው።

አንድ እሑድ ቆዳዬ ደርቆ ያሳክከኛል፣ ጀርባዬን ቫዝሊን ቅባኝ አለችኝ። ልብሷን ገለጥ ሳደርግ ጀርባዋም ጠቁሯል፤ ሆዷም እንደዚያው። ቫዝሊኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። በር ላይ የሰቀልከው ጣቃ ከላይ ቢደበዝዝ ፀሐይ ነው። ፈትተኸው ውስጡም፣ ታጥፎ የኖረውም፣ ብርሃን ያላየውም ከተለወጠ ግን ፀሐይን አትማ። ነገሩ ከፋብሪካው ነው።

ይህንኑ ነገርኳት። ፊቷን ሳታዞር አውቃለሁ አለችኝ። ቀጥላም ቀስ ብላ፣

“ቲሩ ነው” አለች። ጉበት ማለቷ ነው።

አንገር ጉቲን እርሻ የነበረው ታላቅ ወንድሟ የሞተው በጉበት ነው። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ሆዱ ተነፋ፣ ከዚያ ብዙ አልቆየም። “እኛ ቤት ሰው ሲጠቁር ይሄዳል” አለችኝ። ለካ ይህቺ ሴት ቅላቷን አይደለም የምታዝንለት፤ ሆዷ እስኪነፋ ነው የምትጠብቀው። ለካ ጠዋት ጠዋት ሱቅ እንደከፈትን በጨርቅ መለኪያው ሜትር ወገቧን የምትለካው ለዚህ ነው። እኔ መወፈር የፈራች መስሎኝ በየቀኑ “አይዞሽ፣ ምንም አልጨመርሽም” እላት ነበር። እሷም ደስ ይላት ነበር። ምክንያታችን ለየቅል ሆኖ እንጂ በደስታው እንኳ ተስማምተን ነበር።

ሆስፒታል እንሂድ ስላት እምቢ አለች። ወንድሜ ከመመርመሩ በፊት በእግሩ ይሄድ ነበር፣ ከነገሩት በኋላ ነው የተኛው፤ ሳይነገረኝ ልኑር አለች። ብዙ ጨቀጨቅኳት። ባለሱቅ ሁሉ እንደሚያውቀው እምቢ ያለን ደንበኛ በግድ አታስገዛውም፤ ሌላ ዕቃ ታሳየዋለህ። እኔ ግን የማሳያት ሌላ ዕቃ አልነበረኝም፤ ሐምሌ እስኪያመጣልኝ ድረስ።

የነቀምቴን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ጠዋት ገብቶ ማታም አይወጣም። እንዲህ ባለ ጠዋት ለደንበኛ ፖፕሊን እየቆረጠች ሳለ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ጣቶቿ ጫፍ ጫፋቸው እንደ ጠመኔ ነጥቷል። ቆይተው ሰማያዊ ሆኑ፤ በእጄ ይዤ ሳሞቃቸው ቀሉ። ደንበኛዋ ሴትዮ ፖፕሊኑን ረስታ አፏን ይዛ ታያለች። ለእኔ ግን ዕቃዬ ተገኘ። ለጣትሽ እንሂድ አልኳት።

“ለጣት ነው?”

“ለጣት ነው። ጣት ጉበት የለውም።”

ይህን አባባሌን ለጥቂት ጊዜ አሰበችበትና ተቀበለችው፤ በውል ግን። ስለ መልኳ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። እኔ ደግሞ ወሬ ስለማበዛ እንዳልመጣ። አብራት የምትገባው አክስቷ እንድትሆን። የአባቷ እህት ናትና አዳዳ ነው የምንላት፤ እኔም አማች ሆኜ አዳዳ እላታለሁ። ከኡኬ ነው የምትመጣው። የፀሎት ሰው ናት፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ አታውቅም። አማርኛዋ የተማረችው ገበያ ስለሆነ የገበያ አማርኛ ነው፤ በእሱ ግን ማንም አያታልላትም።

ሁለቱ ሄዱ፤ እኔ ሱቅ ቀረሁ። ክፍሉ ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው አገጣጥሜ የተረዳሁት። ዶክተሩ ከጎጃም በኩል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ጣቶቿን አየ፤ የእጇን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ሊያነሳ ሞከረ፣ አልነሳ አለው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የልብስዎን አንገት ዝቅ ያድርጉ አላትና ደረቷን አየ። የጠቆረው መሐል ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ ነጩ መሐል ደግሞ የፀጉሩ ሥር ሥር ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። በአገሩ አማርኛ “ገብስማ ሆኗል” አለ። ደም አስቀዳ፤ ከሚመረመረው መሐል ጉበትም እንዳለ ነገራት። ባለቤቴ ጉበት የሚለውን ከሰማች በኋላ ሌላ አልሰማችም። በመጨረሻ፣ ገብስማውን ሳምንት ስትመጡ በደንብ አየዋለሁ ብሎ አሰናበታቸው። ይህን የሰማችው አዳዳ ናት።

በገበያ አማርኛ ገብስማ ዶሮ ናት። ላባዋ ነጭና ጥቁር የተደባለቀባት። ማን እንደሚያዛትም ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ጠንቋይ ነው የሚያዛት። አዳዳ ሱቅ ደርሳ ነገሩን ስትነግረኝ ፊቷ ልክ አልነበረም። መንገድ ላይ ግን አስባበት መጥታለች፦ የመንግሥት ሐኪም ካዘዘው ጥንቆላ አይደለም፣ ምርመራ ነው። ደም ከእሷ ወሰደ፣ ዶሮዋን ደግሞ ያያታል፤ ሁለቱን ያስተያያል። ዶክተር ዶሮ አያዝም ብዬ ለመከራከር ሞከርኩ።

“አንተ ክፍሉ ውስጥ ነበርክ?” አለችኝ።

አልነበርኩም። ባለቤቴን አየኋት፤ አላውቅም፣ እሷ ትለኛለች እንጂ አልሰማሁም አለች። ከአማት ወገን ጋር የተከራከረ ነጋዴ ደግሞ ሲያተርፍ አላየሁም።

ቅዳሜ እኔና አዳዳ ገበያ ወጣን። ቀይ ዶሮ፣ ነጭ ዶሮ፣ ጥቁር ዶሮ ሞልቷል። ገብስማ ብዬ ስጠይቅ ዶሮ ሻጩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ጠጋ ብሎ፣

“ማን ነው ያዘዘልህ?” አለኝ።

“ሆስፒታል።”

ሰውዬው በዕድሜው ብዙ ሰበብ ሰምቷል፤ ይህን ግን ገና መስማቱ ነበር። ክብሬ እንዳይነካ ብሎ ከራሱ ጋር ብዙ ታገለና በመጨረሻ ሳቁ አመለጠው። እኛ ባዶ እጃችንን ወደ ሱቅ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ጨው ሻጩ ጎረቤቴ ገበያው ይህን ያህል ቀዘቀዘብህ ወይ ሲል ጠየቀኝ፤ ከልቡ አዝኖልኝ።

እኔ ነገሩን እዚያው ባቆመው ደስ ባለኝ። አዳዳ ግን ኡኬ ጎረቤቷ ዘንድ ገብስማ አይታለች። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ስለነበር በሚኒባስ እንሂድ አለች። ባለቤቴም እኔም እሄዳለሁ ብላ ተነሳች። ስንት ወር ሙሉ ከቤት፣ ከሱቅና ከሆስፒታል ሌላ የትም ያልወጣች ሴት ጫማዋን ስትፈልግ ሳይ ክርክሬን ተውኩ። እሷን ከቤት የሚያወጣት ከሆነ ገብስማ ጅብም ቢሆን አብሬ እፈልጋለሁ።

ኡኬ ስንደርስ ያች ጎረቤት ያመጣችልን ዶሮ ቀይ ናት፤ አንገቷ ላይ ብቻ ጥቂት ዳለቻ ነገር አለ። ሴትየዋ ገብስማ ናት ብላ ትምላለች፤ አዳዳ አገላብጣ ታያለች። ባለቤቴ ነጠላዋን ከፊቷ ዝቅ አድርጋ፣

“ይህቺ ገብስማ ከሆነች እኔም ቀይ ነኝ” አለቻት።

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ የሳቅኩት ዘግይቼ ነው። በራሷ መልክ ስትቀልድ የሰማኋት ያኔ ነው፤ በእኔ መልክ ስትቀልድማ የኖረችበት ነው። ባለዶሮዋ ተሸንፋ ከጓሮ እውነተኛዋን ገብስማ አመጣች። ባለቤቴ ራሷ ተከራክራ ገዛቻት፤ ክርክሩ ላይ ያላት ችሎታ ምንም እንዳልተነካ በዓይኔ አረጋገጥኩ።

በቀጠሮው ቀን እኔም ገባሁ፤ ዶሮዋን የሚይዝ ሰው ስላስፈለገ ውሉ ተሻሽሎልኛል። ዘበኛው በር ላይ ሊያግደን ሲል አዳዳ “ዶክተሩ ነው ያዘዘው” ብላ አለፈችው፤ በኦሮምኛ የጨመረችለትን እዚህ አልጽፍም። ተራችን ደርሶ ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ዶሮዋን ዶክተሩ እግር ሥር አስቀመጥኳት። እግሯ ታስሯል እንጂ አፏ አልታሰረም።

ዶክተሩ ዶሮዋን አየ። እኔን አየ። ቀጥሎ አዳዳን አያት።

“ይህ ምንድን ነው፣ እናቴ?”

“ገብስማው ነው። ሳምንት አየዋለሁ አላልክም፣ የኔ ልጅ?”

በእሱ ፈንታ ዶሮዋ ጮኸች። ልጁ ጨዋ ነው፤ እጁን አፉ ላይ አደረገ፣ አቀረቀረ፣ ወረቀት የሚፈልግ መሰለ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ቀድማ የገባት ባለቤቴ ናት። ደረቷን በእጇ መታ መታ አድርጋ “እኔን ነው እኮ! እኔን ነው ገብስማ ያለው!” አለችና ሳቋ ፈነዳ። ዶክተሩም ለቀቀው። አዳዳ በኦሮምኛ ሲተረጎምላት መጀመሪያ ተቆጣች፤ ሰውን ዶሮ የሚል ምን ዓይነት ሐኪም ነው ብላ። ከዚያ እሷም ሳቀች። ባለቤቴ እንባዋ እስኪወርድ ስቃ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ ሳቋ ገና ሳያልቅ፣

“ጉበቴ ነው?” አለች።

ዶክተሩ ሳቁን አቆመ።

“አይደለም። ጉበትዎ ደህና ነው” አላት።

“እርግጠኛ ነህ?”

“ውጤቱ ይኸው። ጉበት አይደለም።”

ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ዶሮዋ አሁንም አላቆመችም። ቆይታ፣ ታዲያ ምን አጠቆረኝ አለችው፤ እሱም ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ለሦስታችንም ነገረን። ሕመሙ ስክሌሮደርማ ይባላል። አዳዳ ስሙን ልትለው ሞክራ ተወችው፤ እኔም ለመድገም ጥቂት ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ሰውነትን ከሕመም የሚከላከለው ኃይል ተሳስቶ በራሱ ሰውነት ላይ ይነሳል። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፣ ይጠብባሉ፤ ብርድ ሲሆን ጣቷ የሚነጣው ለዚህ ነው። ቆዳን የሚያጠነክረው ክር ደግሞ ከመጠን በላይ ይሠራል። ይህቺን በራሴ ቋንቋ ተረዳኋት፦ በቃህ ቢሉት የማያቆም ሸማኔ ማለት ነው፤ ሸማው እየደደረ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ግርግር የሚያስነሳው መልእክት እዚያው ቆዳ ውስጥ ጎረቤት ለሆኑት፣ ቀለም ለሚሠሩት ሕዋሳትም ይደርሳል፤ እነሱም ለእነሱ የተላከ ይመስል ቀለም ያበዛሉ። ፀሐይ ያላየው ጀርባዋ የጠቆረው ስለዚህ ነው። ፀሐይም፣ ማከክም፣ ያ ቅባት ያደረሰው ቃጠሎም ያብሱታል እንጂ መነሻው እነሱ አይደሉም። ቀለም ሠሪዎቹ የጠፉበት ቦታ ደግሞ ይነጣል፤ በየፀጉሩ ሥር ያሉት ብቻ ይተርፋሉ። ገብስማው ይኸው ነው።

ከኩላሊት በላይ ያለች ዕጢ ስትደክምም ሰው እንዲህ ይጠቁራል፤ እሷንም መርምሬያት ደህና ናት አለን። ሰውነቷ ለምን በራሷ ላይ ተነሳ ብዬ ጠየቅኩት። በእርግጥ የሚያውቅ የለም አለ። እኔ የምሠራበት መስመር ላይ ግን በእርግጥ የሚያውቁ ስድስት ሰባት ሰዎች ነበሩ።

ዶክተሩ አልሸነገላትም። ጥቁረቱ ራሱ አይጎዳሽም፣ መልክሽ ወደ ቀድሞው ይመለስ አይመለስ አላውቅም፣ ከሰው ሰው ይለያያል አላት። መጠበቅ ያለበት ሳንባና ኩላሊት ነው፣ የደም ግፊትሽም በየጊዜው መለካት አለበት፣ ለሳንባሽ ምርመራ አዲስ አበባ እልክሻለሁ አለ። ለጣቷ ክኒን ጻፈላት፤ እጇን ብርድ እንዳታስነካ፣ ቅባቱንም እንድትጥል አዘዘ። አንቱታውን ትቶ አንቺ ማለት የጀመረው መቼ እንደሆነ አላስተዋልኩም፤ ዶሮዋ ሳታቀራርበን አልቀረችም። ዶሮዋን እንካ ብትለው አልቀበልም ስላለ አዳዳ ወደ ኡኬ ይዛት ተመለሰች። አሁን የታወቀች ዕንቁላል ጣይ ሆናለች፤ ሰፈሩም “የሐኪሙ ዶሮ” ይላታል።

አዲስ አበባ የሄድነው ከመስቀል በኋላ ነው። ያን መንገድ በሙሉ ባለቤቴ አልተናገረችም ማለት ይቻላል፤ ጉበት ቢያመልጣት ሳንባ ይዟት እንደሆነ ገና አላወቀችምና። ሳንባዋ ለጊዜው ደህና ነው ተባልን፤ በየጊዜው እየመጣች ትታያለች፤ መድኃኒቷንም ትወስዳለች። ስንመለስ ጌዶ ላይ ምሳ በላን። እኔ ጠግቤ እጄን ታጥቤ ስጨርስ እሷ ሁለተኛ ሳህን አዝዛለች።

ቀለሙ እንዳለ ነው። ጨርቅ የምቆርጠው አሁን እኔ ነኝ፤ እሷ ጓንቷን አድርጋ፣ ጠምዝዘህ ቆረጥክ እያለች ታዛለች። ደንበኛ “ማል ታቴ?” ስትላት ነጠላዋን ወደ ፊቷ አትስብም። አንቺስ ምን መሰለሽ ብላ መልሳ ትጠይቃለች፤ ደንበኛዋም ፀሐይ ነው፣ ቡና ነው፣ ሐሳብ ነው እያለች ስትገምት ባንኮኒው ላይ ጨርቅ ይዘረጋላታል። ብዙ የሚገምት ሰው ብዙ ይቆያል፤ ብዙ የቆየ ደግሞ ባዶ እጁን አይወጣም። ጉበት ነው የሚል ሲመጣ ግን ሽያጩን ታቆምና ቁጭ በይ ብላ ታስረዳለች። የዶክተሩን ቃል ከእኔ በተሻለ ይዛዋለች።

ጥር ላይ፣ ሱቁ ጭር ባለበት አንድ ጠዋት፣ ከመደርደሪያው ጣቃ እያወረደች መስታወቱ ፊት ትከሻዋ ላይ ታደርግ ጀመር። ውኃ ሰማያዊውን አደረገችና መለሰችው። ሐምራዊውንም እንደዚያው። ደንበኛ ያላዘዘው ጣቃ ሲወርድ ስለማልወድ ምን እያደረግሽ ነው አልኳት።

ለራሷ ልብስ እንደምትመርጥ ነገረችኝ። ለቀይ ሰው የሚሄደውን እንጂ ለጥቁር ሰው የሚሄደውን ለራሷ መርጣ አታውቅም፤ እንደ አዲስ መማሯ ነው። በዚህ ነገር የዕድሜ ልክ ልምድ እንዳለኝ አስታወስኳት።

“አንተ? ካወቅኩህ ጀምሮ ቡኒ ነው የለበስከው። ዝም በል” አለችኝ።

በመጨረሻ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሚያበራውን ከፋይ ጨርቅ አወጣች። ማንም አይገዛውም ብዬ ስፈራ፣ ማንም ሳይገዛው የኖረ ነው። ትከሻዋ ላይ ስታደርገው ሱቁ ውስጥ አምፖል የበራ መሰለኝ፤ ጨው ሻጩ ጎረቤታችን እንኳ ከበሩ ብቅ ብሎ አየ። ቆረጥኩላት። ጠምዝዤ ስለቆረጥኩ ተሰደብኩ።

ልብስ ሰፊው ከእኛ ሁለት በር አልፎ ነው። የጥር ሠርግ አፍኖታል፤ ጨርቁን ተቀብሎ ከሁዳዴ በፊት ጨርሼ አልሰጥሽም፣ ከፋሲካ በኋላም ሊሄድብኝ ይችላል፣ አትቀየሚኝ አላት። በእኛ መስመር ልብስ ሰፊ እንዲህ ሲል ጭቅጭቅ ይነሳል፤ እኔም ለጭቅጭቁ ተዘጋጅቼ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

“አልቸኩልም” አለችው። “ቀስ ብለህ፣ አሳምረህ ስፋው።”